ሬንጅ ወይስ ሰማያዊ ቀለም

እዚህ ሀርጌሳ፣ ከምሠራበት ቤት ማዶ ግንበኞች ጣሪያ ሲደፍኑ የቀለጠ ሬንጅ ሸተተኝና ልብስ ማስጣቴን ትቼ ቆምኩ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ዝዋይ ሐይቅ ዳር የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ሠራ። ሰማያዊ ቀለም እንዲቀባት ለመንኩት። ገንዘቡ የሚበቃው ግን ወይ ለቀለም ወይ ለሬንጅ ነበር፤ አባቴም እኔን ላለማስከፋት አመነታ። አጎቴ በምታፈስ ጀልባ የሰመጠባቸው አያቴ ሳንቃውን እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ ቀለም ለሰው ዓይን ነው፤ ውሃ የሚፈልገው ስንጥቁን ነው» አሉኝ።

ሬንጁ ተገዛ። አኩርፌ ዋልኩ።

አንድ ማለዳ አባቴ ጀልባዋ ላይ አሳፈረኝ። ጭጋጉ ሐይቁንና ሰማዩን አንድ አድርጓቸው፣ ጥቁሯ ጀልባችን አየር ላይ የምትንሳፈፍ መሰለኝ። እግሬ ሥር ጠብታ ውሃ እንኳ አልነበረም።

«አሁንም ቀለሙን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ሳቀና መቅዘፉን ቀጠለ። ዛሬም ቢጠይቀኝ፣ አዎ የምለው ይመስለኛል።