የጋቢናው ጥያቄ

ትናንት ከአያት ወደ መገናኛ በባቡር ስሄድ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ ጉልበቷ ጉልበቴን ነካ። ይቅርታ ብላ ሰብሰብ አለች። እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ። ፊት ለፊት ተያይቶ መሄድን የለመድኩት ተሳፋሪ ከኋላ ትይዩ በሚቀመጥበት በአባቴ ውይይት ታክሲ ነበርና፣ የቤንዚኑ ሽታ ሳይቀር ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አራት ኪሎ ይሠራ ነበር። ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ መኪናው ውስጥ ይገባል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ማትሪክ ሳልፍ ታዲያ የኮሌጅ ምርጫዬ ከእኔ ይልቅ እሱን እንቅልፍ ነሳው። ያኔ ተመራቂን ሥራ የሚመድበው መንግሥት ስለሆነ ወዴት እንደሚልከኝ አይታወቅም።

አባቴ ምርመራውን በራሱ መንገድ ጀመረ። ክራቫት ያሰረ ወይም ቦርሳ የያዘ ሰው ሲያይ እየመረጠ ጋቢና ያስገባዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የት ነው የተማሩት? የትስ ተመደቡ?»

ማታ እራት ላይ ወሬውን ያመጣልኛል። ከመምህራን ኮሌጅ የወጣ አንዱ እዚሁ ሾላ ያስተምራል፤ አንዷ ቀበና ናት።

«አየሽ ልጄ፣ መምህራን ኮሌጅ የገባ ሁሉ አዲስ አበባ ነው የሚቀረው። እስካሁን አንድም የራቀ አላጋጠመኝም» አለኝ።

ውጤቴ ለሌላም ይበቃ ነበር። እኔ ግን የምፈልገው እሱን ብቻውን አለመተው ነበርና መምህራን ኮሌጅን አንደኛ አድርጌ ሞላሁ። ርቀው የተመደቡት እንዴት ብለው የእሱ ታክሲ ላይ እንደሚሳፈሩ ሁለታችንም አላሰብነውም።

ስመረቅ ጋሞ ጎፋ ተመደብኩ።

አባቴ ሲሰማ፣ «ለካስ የጠየቅኩት እዚህ ያሉትን ብቻ ነው» አለ። ከዚያ ወጥቶ የመኪናውን መስታወት ሲወለውል ዋለ።

በመጀመሪያው ክረምት ለእረፍት መጣሁ። አራት ኪሎ ታክሲውን ሳይ ላስደንቀው ብዬ ድምፄን አጥፍቼ ከኋላ ተሳፈርኩ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። በጋቢናው ትንሽ መስኮት በኩል ግን ድምፁ ይሰማኛል፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው እየጠየቀ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከጋሞ ጎፋ ነው የመጡት?»

ሰውየው አይደለም አለው።

«ልጄ እዚያ አስተማሪ ናት። ምናልባት አይተዋት እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሻንጣዬን አቅፌ አለቀስኩ። ፈረንሳይ እስክንደርስ «አባ» ብዬ መጥራት አቃተኝ።

አሁን አባቴ ወደ አኼራ፣ ወደ ወዲያኛው ዓለም፣ ከሄደ ቆይቷል። ከዚያ የመጣ ሰው ባገኝ እኔም ጋቢና አስገብቼ እጠይቀው ነበር።