ገመድ ያዥዋ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ጦጢት በሚለው ቅጽል ነው። ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ ገና በቅጡ መሮጥ ሳትጀምር ቁም ሣጥን ላይ ወጥታ፣ ከሻንጣው አጠገብ እንቅልፏን ስትለጥጥ ካገኟት ቀን ጀምሮ። አባትየው ካለፉ ቆይተዋል፤ ቅጽሉ ግን አልሞተም። ሠላሳን ተሻግራ፣ መጋረጃ ቤት ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ቁጭ ብላ የምትውል ጨዋ ሰፊ ከሆነች በኋላ እንኳ፣ እሑድ እሑድ ከከተማው ዳር ካለው አለት ላይ እንደ እንሽላሊት ተለጥፋ ትገኝ ነበር። ጨዋነቷ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው።

ብቻዋን አልነበረችም። ከታች ቆሞ ገመዷን የሚይዝላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ጋሼ ትለዋለች፤ ትለዋለች ስል በእጇ ማለቴ ነው፤ ጋሼ ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ሥራው አናጺነት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በእጅ ሲያወሩ አድገዋል፤ መጀመሪያ ራሳቸው በፈጠሩት ምልክት፣ በኋላም እሱ ከትምህርት ቤት ተምሮ ባመጣላት። በሁለቱ የእጅ ወሬ ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ታላቋ መሆኑን ረስታ ደህና አድርጋ ትሰድበዋለች፤ እሱም አይቀርላትም።

አለቱ ሥር ሲደርሱ የማትቀር አንዲት ልማድ ነበረቻቸው። እሱ የእሷን ቋጠሮ፣ እሷ የእሱን ቋጠሮ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ያደርጋሉ። ማንም "ተመልከትልኝ" አይልም፤ ማንም "አመሰግናለሁ" አይልም። ከዚያ እሷ ትወጣለች፤ እሱ ገመዱን ጥቂት ጥቂት እያለ ይለቅላታል፤ ስትንሸራተት ጥርቅም አድርጎ ይይዛታል። እዚያ ላይ ነፋስ ሲነሳ የሚሰማውም የማይሰማውም እኩል ነው። ሌሎቹ ወጪዎች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ሲጯጯሁ፣ እነሱ በገመድ ይነጋገሩ ነበር። አንድ ረጅም ስበት "ላላ አድርግልኝ" ነው። ሁለት አጫጭር ደግሞ "ድንጋይ ወረደ፣ አለቱን ተጠጋ!" ነው።

እናታቸው እሑድን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ያልመከሩት ምክር የለም፤ ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋቸዋል። "አንደኛውስ አይሰማም፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?" ይሏታል ጦጢትን፤ ከዚያ በራሳቸው ቀልድ ራሳቸው ይስቃሉ፤ ስቀው ሲያበቁ ደግሞ ይቆዝማሉ።

ጦጢት ከስፌት ሥራዋ ጎን ለጎን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ተማረች። ሲያዩአት ቀላል ይመስላል፤ ቋንቋው ከልጅነቷ ጀምሮ በእጇ ነው። ግን ከወንድም ጋር መቀለድ ሌላ፣ ሐኪም ስለ ጉበት የሚናገረውን ሳያጎድሉና ሳይጨምሩ ማድረስ ሌላ ነው። ተምራ ጨረሰች። ከተማው ውስጥ ያለ ሆስፒታል አስተርጓሚ ይፈልጋል ሲባል ሄዳ ተፈተነች።

የፈተነቻት የክፍሉ ኃላፊ ቀጭን፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ቀልድ የማታውቅ የምትመስል ሴት ናት። ፈተናውን በጸጥታ ተመለከተችና መጨረሻ ላይ ዓይኗ የጦጢት ጣቶች ላይ አረፈ። መገጣጠሚያው ሁሉ ተልጧል፤ አንዱ ጥፍር ጠቁሯል።

"ድመት አለሽ?"

"የለኝም። አለት ነው። እሑድ እሑድ እወጣለሁ።"

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። "ስሚኝ እህቴ። ካንቺ በፊት የነበረችው ልጅ ጣቷን የመኪና በር ቀረጠፋት። እሷ እስክትድን ድረስ በሽተኞቼ ከሐኪማቸው ጋር እየተያዩ ሲላቀሱ ከረሙ። እዚህ ቤት እጅሽ ምላስሽ ነው። ምላሱን ይዞ ገደል የሚወጣ ሰው አልቀጥርም።"

ጦጢት ጣቶቿን ወደ መዳፏ አጠፈች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እስከ መቼ ነው የማልወጣው?" ስትል ጠየቀች።

"የሙከራ ጊዜሽ እስኪያልቅ። ረዳትም እስክንቀጥርልሽ። የዕድሜ ልክ አላልኩሽም፤ ለጊዜው ነው።"

"እሺ" አለች። ቃሏ ቃል ነው።

ለጋሼ የነገረችው የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውጧት ነው። ሥራ ማግኘቷን ስትነግረው ብድግ አድርጎ አሽከረከራት። አለቱን ለጊዜው መተዋን ስትነግረው ደግሞ መሬት ላይ አቆማትና፣ "ይገባል፤ እጅሽን ጠብቂ" አላት። ገመዱን ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። እሷ ሥራ አገኘሁ ብላ ስትፈነጥዝ የእሱም እሑድ አብሮ መሰቀሉን ልብ አላለችም። ደስታ አንዳንዴ እንዲህ ዓይን ይጋርዳል።

እናት ግን በደስታ ምድር ጠበበቻቸው። "እሰይ! ጸሎቴ ተሰማ! ሁለቱንም በአንድ ድንጋይ መለሰልኝ!" እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ።

ሥራው ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። አንድ ሽማግሌ ሰባት ዓይነት መድኃኒት ሲውጡ ከርመው የየትኛው ጥቅም ምን እንደሆነ ያወቁት በጦጢት እጅ ነው። አንዲት እናት የልጇ ትኩሳት የማያሰጋ መሆኑን ከጦጢት ጣቶች ላይ አንብባ፣ እነዚያኑ ጣቶች ይዛ ሳመቻቸው። ጦጢት ማታ ቤቷ ስትገባ ክንዷ ይዝላል፤ መጋረጃ ስትሰፋ ውላ ያልደከማትን ያህል ይደክማታል፤ ግን የጣፈጠ ድካም ነው።

አንድ ቀን አንዲት መስማት የተሳናት ወጣት ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጀች። ፈርታለች። ሐኪሙ የተናገረውን ሁሉ ጦጢት አደረሰችላት፤ የልጅቷንም ጥያቄ አንድ በአንድ ለሐኪሙ አስተላለፈችላት። አልጋው ሊገፋ ሲል ጦጢት ሳታስበው እጇን ዘረጋችና፣ ልጅቷ ትከሻ ላይ የታሰረውን የሆስፒታል ልብስ ክር ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገችው።

"ምነው፣ ላላባት እንዴ?" አለች ነርሷ።

"አይ፣ እንዲሁ ነው" አለች ጦጢት፤ ፊቷ ቀላ።

አልጋው ከሄደ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ቁጭ አለች። አለቱ የናፈቃት መስሏት ነበር ይህን ሁሉ ጊዜ። የናፈቃት ወገቧ ላይ ያለውን ቋጠሮ ሳብ የሚያደርገው የጋሼ እጅ ነው።

ጋሼ እሑድ እሑድ "ሥራ አለብኝ" እያለ መውጣት ጀምሯል። እናት፣ "ሥራ መውደድ መልካም ነው፤ የቤቴ በር ግን ሲንጠለጠል ከረመ፤ አናጺ የወለደ ሰው በር የለውም" ይላሉ። ማንም አልጠረጠረም።

ታዲያ አንድ እሑድ ማምሻውን ሦስቱ አብረው ቁጭ ብለው፣ እናት የታጠበ ልብስ እያጣጠፉ፣ ጋሼ ስለ አንድ ሰው ወንበር ያወራል። ጦጢት እጁን ስታይ የሆነ ነገር ከነከናት። ሁለት እጅ የሚፈልገውን ቃል በአንድ እጁ እየቆረጠ ያልፈዋል። ወደ ላይ የሚነሳውን ምልክት ደረቱ ላይ ያስቀረዋል። ንግግሩ እያነከሰ ነው። ሌላ ሰው ባላየው ነበር፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እንጀራዋ እጅ ማየት ነው።

"ክንድህን ምን ሆነሃል?" አለችው።

"ምንም።"

"ክፍት የሚለውን ቃል በደንብ በለው እስቲ።"

አልቻለም። ትከሻው አልነሳ አለው። ወደ እናቱ ገልመጥ አደረገና ወሬውን አወጣ። ከአንድ የአለት ወጪዎች ቡድን ጋር መሄድ ጀምሮ ኖሯል። የአንዱን ወጪ ገመድ ከታች ይይዛል። ዛሬ ያ ወጪ ድንጋይ ፈነቀለ። ሰውየው "ድንጋይ!" ብሎ እንደ ሰው ጮኸ። ጋሼ የተተበተበ ገመድ ሊፈታ አጎንብሶ ነበር። ከሱ በቀር ሁሉም ሰው ሰማ።

ጦጢት ትከሻውን ልትነካ እጇን ሰደደች።

"ለእማዬ እንዳትነግሪ" አለ ጋሼ ሲጨርስ።

እናት የእጅ ወሬውን ከፊሉን ነው የሚይዙት፤ ከፊሉ ያመልጣቸዋል። የልጃቸውን ፊት ግን አይስቱም። የያዙትን ልብስ አስቀመጡ። "ምን አለ?"

አስተርጓሚ የተባለውን አይቀንስም፣ አይጨምርም። ሙያው ነዋ፤ እሷም ሙያውን ከተማረች ወዲህ ባሰባት።

"'ለእማዬ እንዳትነግሪ' አለ" አለች ጦጢት።

ጋሼ ግንባሩን ያዘ። ከዚያ ወዲያ መደበቅ የለም፤ ሁሉም ተዘረገፈ። እናት ሸሚዙን አውልቀው ትከሻውን አዩት፤ ከላይ እስከ ታች በልዟል። ይጮሃሉ ብለው ሁለቱም ጠበቁ። እናት ግን አልጮኹም። በመዳፋቸው ዳር ዳሩን ዳበሱት።

"እኔ የጸለይኩት ልጆቼ እንዳይወጡ ነው" አሉ በመጨረሻ። "አንዷ ቀርታ፣ አንዱ ቋንቋውን ከማያውቅ ባዳ ጋር ይሂድ ብዬ አይደለም። መቼም አይተውም፤ ተክዞ ሲኖር ከርሟል፤ እኔ አላየሁም መሰላችሁ? ሂጂና አንቺው ያዢልኝ።"

"ሥራዬስ እማዬ? እንዳልወጣ ቃል ገብቻለሁ።"

"ያዢው አልኩሽ እንጂ ውጪ አልኩሽ?"

ጦጢት ይህን ያህል ጊዜ ስትወጣ፣ ገመድ መያዝ ለሷም ይቻላል የሚል ሐሳብ አንድም ቀን ውል ብሎባት አያውቅም።

ሰኞ ለኃላፊዋ ነገሩን እንዳለ ነገረቻት። ደብቃ ማድረግ ትችል ነበር፤ ግን ወንድሟ ደብቆ ያደረገውን አይታለች። ኃላፊዋ ሰምታ ሰምታ፣ "ቆመሽ ነው የምትይዢው?" አለች።

"መሬት ላይ ቆሜ። በወፍራም የቆዳ ጓንት። በሄልሜት።"

"እሱስ እንደዚያኛው ድንጋይ ቢፈነቅልብሽ?"

"ጋሼ አናጺ ነው። ሳይመረምር የሚረግጠው ነገር የለም፤ ቤት ውስጥ ደረጃ ሲወጣ እንኳ ያበሳጫል።"

በኃላፊዋ ፊት ላይ ፈገግታ ብጤ ብቅ ብሎ ጠፋ። "ሰኞ ሰኞ ጣትሽን ቆጥሬ ነው የምረከብሽ" አለች።

የጋሼ ትከሻ እስኪሽር ጠበቁ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ገና ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ሁለቱ አለቱ ሥር ቆሙ። ጋሼ እንደ ልማዱ ከታች ወዳለው ቦታ ሄዶ ቆመ። እሷም እዚያው ቦታ መጥታ ቆመች። ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ።

"ቅደሚያ" አለ በእጁ፤ ከልማድ።

ጓንቷን አሳየችው። "ዛሬ አንተ ቅደም።"

እንዳለችው ትዝ አላት፤ ይህን ቃል ብላው አታውቅም። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን "አንተ ቅደም" አላለችውም። ከታች የሚቆመው ፍርሃት ይዞት ነው ብላ ለራሷ ወስና፣ ጠይቃው እንኳ አታውቅም ነበር። አፈረች። ሄዳ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረገችለት፤ እሱም የሷን።

ወጣ። አወጣጡ ሳንቃ የሚለካ ሰው ይመስላል፤ ድንጋዩን በእጁ ይደባብሰዋል፣ ያንኳኳዋል፣ ከዚያ ነው ክብደቱን የሚጥልበት። አለቱ ላይ በተተከሉት የብረት ቀለበቶች ገመዱን እያሳለፈ ወደ ላይ ሄደ። ጦጢት አንገቷ እስኪቆለመም አንጋጠጠች። እግሩ ትንሽ ሲሸራተት ገመዱን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ለካስ ከላይ ያለው አይፈራም፤ ሥራ አለው። ፍርሃቱ ተጠቅልሎ ያለው ከታች ነው። እሷ እንደ ፌንጣ ስትዘል፣ ሳያስፈልግ እጇን ለቃ ስትቀልድ፣ ይህ ሰው እዚህ ቦታ ቆሞ ይህን ሲውጥ ኖሯል።

ከመሐሉ አንዲት እግር ማሳረፊያ የምታህል ጠርዝ አለች። ጋሼ እዚያ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ጦጢትን ያስጮሃትን ነገር አደረገ፤ ዞረ። ጀርባውን ለአለቱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ ሁለት እጁንም ለቀቀ።

"ኧረ ያዝ! አንተ ሰው ያዝ!" አለች በአፏ፤ ጥቅም እንደሌለው እያወቀች። በእጇ ልትለው አልቻለችም። እጇ ገመዱ ላይ ነው፤ ከለቀቀች ለቀቀችው ማለት ነው።

ጋሼ ግን ወሬ ጀመረ። ረጋ ብሎ፣ እንደ ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጦ።

"ያንቺ ሆስፒታል ጣሪያ ከዚህ ይታያል" አለ። "ዝገቱ አያስደስትም።"

ጦጢት ጥርሷን ነከሰች።

"ፈርቶ ነው ከታች የሚቆመው ስትይ ኖረሻል። ፊትሽ ላይ አየው ነበር።" ነፋስ ሸሚዙን ነፋው። "እኔ ከቀደምኩ አንቺ ከኋላዬ ትሆኛለሽ። ከኋላዬ የሆነን ሰው አልሰማውም። ለዚህ ነበር። ከታች ሆኜ ሁሌ አይሽ ነበር፤ የምትይው አንድም ነገር አያመልጠኝም ነበር።"

ጦጢት ልትመልስለት፣ ይቅርታ ልትለው፣ ልትሰድበው፣ ሁሉንም ባንዴ ልትለው ፈለገች። ጣቶቿ ጓንቱ ውስጥ ተላወሱ። ገመዱን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

"አሁን መመለስ አትችይም፤ አውቃለሁ" አለ ጋሼ ከላይ፤ እየሳቀ። "ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወሬ ስታወሪ ትውያለሽ። እስቲ ዛሬ የኔን ብቻ ስሚ።"

እንባዋ ወረደ። መጥረጊያ እጅ አልነበራትም። ከላይ ሆኖ እንዲያየው አድርጋ፣ ሄልሜቷ እስኪወዛወዝ ድረስ፣ ራሷን ነቀነቀችለት።