በወንድሜ ስም የጻፍኳቸው

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበን ተቀምጠናል። አጠገቤ ያለው ልጅ ስልኩን ከፈተ፤ ድምፁንም ከፍ አደረገው። «ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት! እንጦጦ ላይ ቅጠል የሚጠርግ ሰው ካለ እባካችሁ ይመልስልን!» አለ ከስልኩ ውስጥ አንድ ሰውዬ። ሁለት ሦስት ተሳፋሪ ሳቀ። እኔ መስኮቱን ለመክፈት ታገልኩ፤ አልከፈት አለኝ። «ወራጅ አለ» ብዬ ከምወርድበት ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ትንሽ ጎርነን ብሏል እንጂ የሄኖክ ድምፅ ነው። ስድስት ዓመት ሸሽቼዋለሁ።

ይህን ነገር ለማንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናግሬው አላውቅም። ስጽፈውም ይቆራረጥብኛል። ቢሆንም ልሞክር።

ወንድሜ ሳሙኤል በአራት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ሳሚ ነው የምንለው። ቤታችን የካ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት። ሳሚ ልቡን ይታመም ነበር። በልጅነቱ ጉሮሮውን ደጋግሞ ሲያመው ጉንፋን ነው ብለን አለፍነው፤ በኋላ ሐኪሙ ልቡን ነክቶታል አለ። የእኛን ዳገት ለመውጣት አራት ቦታ ይቀመጣል። ሲተኛም ሦስት ትራስ ደርቦ ቁጭ እንዳለ ነው። ከቤት መውጣት ከተወ በኋላ የቀረው ስልኩና ያ ግሩፕ ነበር።

ግሩፑ እንዲህ ነው። ወደ አርባ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሁለት እየሆኑ የኳስ ቪዲዮ ጌም ይጋጠማሉ። ቡድኖቻቸውን በሰፈር ስም ሰይመዋቸዋል፤ ካራ ከኮተቤ፣ የካ ከመገናኛ። ሄኖክ ጨዋታውን በድምፅ ያስተላልፋል፤ ሌላው ሰው እየሰማ ይጽፋል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል። ሳሚ አይጫወትም ነበር። አድማጭ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳሜ አላለፈውም። አልፎ አልፎ ሄኖክ ሲደክመው ማይኩን ለሳሚ ይሰጠዋል፤ ሳሚም ሳሉ ሲመጣበት ማይኩን ያጠፋና ሲያልፍለት ይመለሳል። መታመሙን ለማንም አልነገረም። እነሱ ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት ይመስላቸው ነበር።

እኔ ነገሩን አልወድላቸውም ነበር።

«ሰው የሚጫወተውን ጨዋታ ተጋድመህ መስማት ምን ይባላል?» አልኩት አንድ ቀን። «ያውም የውሸት ኳስ።»

«አንተ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ የፈረንጅ ኳስ ስታይ፣ ጎሉን የምታገባው አንተ ነህ እንዴ?»

ትራስ ወረወርኩበት። በዚያ ሰሞን መምታት የሚቻለው በትራስ ብቻ ነበር።

ሳሚ የሞተው ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። ዝናቡ ለሰው አያዝንም። ድንኳኑ ውሃ እየቋጠረ ሲወጠር የእድሩ ሰዎች በእንጨት ከታች ይገፉታል፤ ውሃው በጎን በኩል ይደፋል። ስለዚያ ሰሞን ሳስብ የሚመጣብኝ ለቅሶው አይደለም። የዚያ ውሃ ድምፅና የእርጥብ አጎዛ ሽታ ነው። ንፍሮውንም አስታውሳለሁ። ስንዴው በደንብ አልበሰለም ነበር። እሱን እያኘክሁ ሳሚ ይህን ቢቀምስ ምን ይል ነበር ብዬ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ሰው አየኝ።

ከሠልስቱ ማግስት ቅዳሜ ሆነ። የሳሚ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ሄኖክ ነው። «ሳሚ፣ የት ጠፋህ? ሳትመጣ ዳኛው ፊሽካ አይነፋም» ይላል። ከሱ ሥር ቤቲ የምትባለው «ሳሚዬ ሰላም ነህ?» ብላለች።

«ሞቷል» ብዬ ልጽፍ ነበር። እውነቴን ነው፤ ጀምሬው ነበር። ግን በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲያ አይነገርም። ሰው ሲሞት መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ከዚያ «ጠንቶበታል» ይባላል። ከዚያ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። እኔ የማንን በር አንኳኳለሁ? የሚኖሩበትን አላውቅም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር አልኩና «ትንሽ አሞኝ ነው፤ እየሰማኋችሁ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ሳነበው ነው «አሞኝ» ማለቴን ያየሁት። «አሞታል» ነበር ማለት የነበረብኝ።

ወዲያው መዓት መልስ መጣ። እግዜር ይማርህ። ማር በዝንጅብል ጠጣ። ነጭ ሽንኩርት ብላ። ሄኖክ ማይኩን ከፍቶ «ይህ ጨዋታ ለታማሚያችን ለሳሚ መታሰቢያ ነው፤ መታሰቢያ ስል ደግሞ አልሞተም፣ እንዳትደነግጡ!» አለ። አርባው ሰው ሳቀ። እኔም ግቢው ውስጥ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሜ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «ጠንቶብኛል» እላለሁ ብዬ ነበር። አላልኩም። «ዛሬ ይሻለኛል» አልኩ። እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ስለ ሳሚ ሲያወራ «ነበር» ይላል። እዚያ ብቻ ነበር «ሳሚ ነው» የሚባለው። ድምፅህን አሰማን ሲሉኝ ጉሮሮዬን ዘግቶኛል እላለሁ። አንድ ጊዜ የመገናኛ ተከላካይ አልንቀሳቀስ ሲል «ታክሲ ሰልፍ ይዞ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሄኖክ በሳቅ ማስተላለፉን አቋረጠ። «ይቺ የሳሚ ናት! ማንም አይችላትም!» አለ። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

መስከረም እንዲህ አለፈ። ከቤታችን በላይ ያለው ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ከረመ፤ እኔ ቅዳሜን ብቻ ነበር የምቆጥረው። የሳሚ አርባ በወጣ በሳምንቱ ሄኖክ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሰው ሁለት ወር ሙሉ ታሞ ዝም አይባልም። ቅዳሜ ጨዋታ የለም፤ ልንጠይቅህ እንመጣለን።»

አትምጡ ማለት ይቻላል? ታማሚን የሚጠይቅን ሰው ማን ይከለክላል? «ወንድሜ መገናኛ ይቀበላችኋል» ብዬ መለስኩ።

ስድስት ሆነው መጡ። እርስ በርሳቸውም ተያይተው አያውቁም። የደረሱት ታክሲ መያዣው አጠገብ ተፈራርተው ቆመዋል። እጃቸው ላይ ብርቱካንና ሙዝ አለ። ሄኖክ ማን ነው ብለው ሲፈልጉ ሽበታም ሰውዬ፣ ኮት የለበሰ፣ ዣንጥላ የያዘ፣ «እኔ ነኝ» አለ። ሳሚ «ሄኖኬ» እያለ እኩያው አድርጎት ነበር የሚያወራው። ሰውየው ግን ካራ የሚኖር ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነው።

«አላምንም!» አለች ቤቲ፣ ቀጭን፣ ነርስ የምትመስል ልጅ። «እስቲ ጎል ይበሉ!»

ሰውየው ዙሪያውን አየ፤ ዣንጥላውን አቀበላትና «ጎ———ል!» ብሎ መገናኛ መሐል ጮኸ። ወያሎቹ ሳይቀሩ ዞሩ። ሁሉም ተቃቀፉ። እኔንም አቀፉኝ። «ያሬድ ነኝ፣ ወንድሙ» አልኩ።

«ትመስለዋለህ» አለኝ ሄኖክ። ሳሚን አይቶት አያውቅም።

በታክሲ እስከ ዳገቱ ሥር ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ፀሐዩ የጥቅምት ነው፤ ይበራል እንጂ አያሞቅም። እማዬ ቤት ናት። ስድስት ሰው ብርቱካን ይዞ ገብቶ «በሽተኛው እንዴት ዋለ?» ሲላት ይታየኛል። ሄኖክ እያለከለከ «ሳሚ ይህን ነው የሚወጣው? አንበሳ ነው በሉኝ!» አለ።

ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ሳሚ የለም።»

«የት ሄደ?»

«ሞቷል። ነሐሴ ላይ ነው የቀበርነው።»

ቤቲ፣ ቀስ ብላ፣ «ሐሙስ ዕለት እኮ ጽፎልኛል» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ፈተናሽን አልፈሻል ወይ ብሎ ጠይቆኛል።»

«እኔ ነኝ ቤቲ።»

እንደ ሕፃን መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ሄኖክ ግን አላለቀሰም። ወደ እኔ ቀረበ።

«አርባውስ?»

«ከወጣ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«ቀብር አስቀረኸን» አለ። «እኔ አንድ ሰው ሲሞት አልቅሼ መቅበር አላውቅበትም? ሰው አይደለንም እኛ? ወዳጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ስቀልድ፣ ስስቅ! ደግሞ መታሰቢያ እያልኩ!» እጁ ተነሣ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን መልሶ ኮቱን መቆለፍ ጀመረ። «ቤቱን አሳየን» አለ።

ለቅሶ ቤት ብርቱካን ተይዞ አይገባም። መንገድ ዳር በቆሎ ለምትጠብስ ሴት ሁሉንም ሰጧት። ሴትየዋ ግራ ገብቷት እያየችን ወጣን። በሩ ጋ ስንደርስ «ሳሚዬ!» ብለው እያለቀሱ ገቡ። ድንኳኑ ከተነሣ ቆይቷል፣ ጎረቤቱም ሁሉ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ እማዬ ልብስ የምታጥብበት ሰዓት ነበር። በአረፋ እጇ ብድግ አለች።

«የማን ልጆች ናችሁ እናንተ?»

«እትዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱ ጋር በስልክ የምንጫወት ነን» አላት ሄኖክ፣ አሁን እያለቀሰ። «ዘግይተን ሰማን። ይቅር ይበሉን።»

እኔን አላጋለጠኝም። እማዬ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ያ ሁሉ ሳቅ ከእናንተ ጋር ነበር?» አለች። «እኔኮ ብቻውን የሚስቅ መስሎኝ ጠበል ልወስደው ነበር።» ከዚያ ከቀብሩ ቀን የባሰ አለቀሰች። ብቻውን እንዳልነበረ ስላወቀች ይሁን፣ ሳታውቅ ስለቀረች ይሁን፣ አልጠየቅኋትም።

ሊሄዱ ሲሉ ሄኖክ ግቢው ውስጥ ጠራኝ። «ስልኩን አምጣ» አለ። «የቱ የሱ፣ የቱ ያንተ እንደሆነ አሳየኝ። እኔ መለየት አልቻልኩም።»

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወደ ላይ እየሳብኩ የእኔን አንድ በአንድ አጠፋሁ። እሱ ያያል። የታክሲ ሰልፏ ላይ ስንደርስ ጣቴ ቆመ። «እሷም?» አለኝ። «እሷም» አልኩ። አጠፋኋት። በመጨረሻ የሳሚ የራሱ መልእክት ላይ ደረስን። «ቤቲ፣ ድምፅሽ ተቆራረጠ፤ ደግመሽ በይው» ይላል። ሌላ የለም። ሄኖክ መነጽሩን አውጥቶ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ተነሥቶ ሳይሰናበተኝ ወጣ። ማታውን የሳሚን ስም ከግሩፑ አወጡት። ልክ ናቸው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ አይሠራም። ለሳሚ ያደረግኩለት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን አርባ ሰው ለሱ የሚያለቅሰውን እንባ ነው የወሰድኩበት። እማዬ «እነዚያ ልጆች ደህና ናቸው?» እያለች ትጠይቀኛለች። ስድስት ዓመት ሙሉ «ሰላም ብለውሻል» ስላት ኖሬያለሁ።

ከታክሲው የወረድኩ ቀን ማታ፣ ራት ላይ፣ እውነቱን ነገርኳት። ጉርሻዋን ትሪው ላይ መለሰች። «ታዲያ አንተ ይቅርታ ጠይቀሃቸዋል?» አለች። አልጠየቅሁም ነበር። ያን ቀን ዳገቱ ላይ «እኔ ነኝ» ብቻ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ግሩፑን ፈልጌ በራሴ ስም ገባሁ። «ያሬድ ነኝ፣ የሳሚ ወንድም። ቀብሩን ስላስቀረኋችሁ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ሰው አይቶታል። እስከ ዛሬ የመለሰ የለም። መልስ አልጠብቅም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።