መብራት ሳይመጣ የመጣው ታብሌት

ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርትን በቴክኖሎጂ የሚያዘምን አገራዊ ዕቅድ መውጣቱን የሰማሁት ለሥልጠና ወደ ሞጣ ስጠራ ነው። አሠልጣኙ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነበር። ታብሌቶቹ ገና መንገድ ላይ ስለሆኑ የታብሌት ሥዕል የታተመበት ወረቀት አደለን። በጣታችሁ ንኩት አለን፤ ነካነው። አሁን ገጹን ወደ ግራ ግፉት አለ። አጠገቤ የተቀመጡት የትምህርት ቤታችን ሽበታም የሒሳብ መምህር በትሕትና ሲገፉት ወረቀቱ ከጠረጴዛው ወደቀ።

ጥያቄ ሲፈቀድ ተነሣሁ።

"የእኛ ትምህርት ቤት መብራት የለውም። በምን ቻርጅ እናደርገዋለን?"

"እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው። እኛን የሚመለከተን ማሠልጠን ነው" አለኝ።

የዚያን ክፍል ሰው የት እንደማገኝ ብጠይቀው እሱም አያውቅም። ከዚያ ምሳ ደረሰ ተባለ።

ታብሌቶቹ ክረምቱ እንደወጣ መጡ። ወዲያው ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ሊጎበኙን ነውና ርዕሰ መምህሩ ለተማሪዎቼ እንዳድል አዘዘኝ። ቢቸና ወስደን ቻርጅ እናድርጋቸው ብዬ ብጠይቀው፣ የመንግሥት ንብረት ከግቢ አይወጣም አለ። እንግዶቹ ሲገቡ ልጆቹ በጨለመው መስታወት ፊታቸውን ያዩ ነበር። ፎቶ ተነሣ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ አንዱን እንግዳ፣ "ጋሼ፣ የሚበራው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችው።

"በቅርቡ" አላትና ወጣ። ማፈር የነበረበት እሱ ነበር፤ ጠመኔ ይዤ ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ።

ንዴቴ አላስቀምጥ ቢለኝ የየቢሮውን ደጅ ጠናሁ። ዕቃ የሚገዛው ክፍል ገዝቻለሁ አለኝ። የመብራት መስመር የሚዘረጋው ተራችሁ አልደረሰም አለኝ። ታብሌቱ ላይ መጽሐፍ የሚጭነው ደግሞ ታብሌት መገዛቱን ከእኔ ሰማ። ሁሉም ዕቅድ አላቸው፤ አንዱ ዕቅድ ግን ሌላውን አይቶት አያውቅም። አገራዊ ዕቅድ የሚባለው እነዚህን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ካላስቀመጠ፣ ምን ይሠራ ብለው እንደጻፉት አልገባኝም።

መብራቱ ዘግይቶም ቢሆን ገባ። ከጉብኝቱ በኋላ ታብሌቶቹን መልሰን የከተትንባቸውን ካርቶኖች ስንከፍት የብዙዎቹ ባትሪ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ መስታወቱን ገንጥሎታል። የበሩት ጥቂቶቹም የያዙት በተቀየረው በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ መጽሐፍ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ደብረ ወርቅ ቅኔ የተማሩ ናቸውና ነገር አያልቅባቸውም፤ አንዱን ታብሌት አገላብጠው አዩና፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የእኛዎቹ አፍሰው ሄዱ" አሉ።

በቅርቡ ደግሞ አዲስ ዕቅድ፣ አዲስ ዕቃ ተብሎ ለሥልጠና ሞጣ ተጠራሁ። ዕቃ ገዢውና መስመር ዘርጊው ተገናኝተው መነጋገራቸውን ሳልሰማ አልሄድም አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ቅር ብሎት ሌላ መምህር ላከ። የተላከው መምህር መፈክር የታተመበት ኮፍያና ቦርሳ ይዞ ተመለሰ። ዕቃው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው የጠየቀ ሰው ነበር ወይ አልኩት።

"ሊጠየቅ ነበር፣ ሰዓት አልበቃም" አለኝ።