ግሪስ የተቀባችው ኤሊ

ሰይፉ ጎሚስታው ሚስቱ ልብሷን ሸክፋ ወደ ደሴ በሄደች ዕለት ሌሊቱን ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝቶ አድሯል። ይህን የሚያወራው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለአንዲት ኤሊ ሲል እንዴት እንቅልፍ አጣ? የሰፈሩ ሰው በየተራ መልስ ሞክሯል። ልጅ ስለሌለው ነው ያለ አለ፤ እርጅና ነው ያለም አለ፤ ያኔ ያልለቀሰው ዘግይቶ ደረሰበት ያሉም አልጠፉም። የትኛውም ልክ አይመስልም። ጥያቄው እንዳለ ይቆይና የሆነው ይነገር።

የሰይፉ የሥራ ቦታ ከሸዋ ሮቢት ወደ ካራቆሬ በሚያስወጣው አስፋልት ዳር ነው። አንድ አሮጌ ኮንቴይነር፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ ጥላ የሚሆን የተዘረጋ ሸራ፣ ደንበኛ የሚቀመጥባቸው የተደራረቡ ጎማዎች አሉት። ከደብረ ሲና ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጠ የወረደ መኪና ጎማው እንደጋለ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ሰይፉ ሾፌሩ ሳይወርድ ጎማውን በእግሩ መታ መታ፣ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርግና «ይሄ ክረምትን አይሻገርም» ይላል። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ጥርሱ አልቆ የለሰለሰ ጎማ አሮጌ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር አያውቅም። ሌላው የማይከራከርበት ነገር ፀሐይ ነው። ፀሐይ ጎማን ትጨርሳለች። የዚያ የቀወት ቆላ ፀሐይ ያገኘችው ጎማ ሳይሽከረከር እንኳ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ያለውን ጎማ ሁሉ ኮንቴይነሩ ውስጥ ጨለማው ጋ ይደረድራል።

ኤሊዋን ያመጣለት ቢላል የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከአፋር በኩል ሲመጣ አስፋልት ስታቋርጥ አግኝቶ ጋቢና ውስጥ ከእግሩ ሥር አስቀመጣት። ጎማው ተለጥፎ ሲያልቅ ትቷት ሊሄድ ተነሳ።

«እንካ፣ ይህን ሽማግሌ ጡረታ አውጣልኝ» አለው። «አባትህንም ሳያውቅ አይቀርም።»

ሰይፉ እንደ ልማዱ ጀርባዋን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። የመንገድ አቧራና ጭቃ ሞልቶት ለስላሳ ሆኖ ነበር።

«ጥርስ የለውም» አለ። «ይሄስ አያቴንም ያውቃል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሽማግሌው ሆነ። ሰይፉ እንደ ቀልድ በአንቱ ይጠራት ጀመር፤ ሲቆይ ቀልድነቱ ቀረና ልማድ ሆነ። ጠዋት ኮንቴይነሩን ሲከፍት «እንደምን አደሩ፣ ሙቀቱ አልከበደዎትም?» ይላታል። ሽማግሌ ስለሆነች ምግቧ እንዲለሰልስ ከሻይ ቤት የተረፈ ዳቦ በሻይ እያራሰ ያቀርብላታል። የደረቀ ነገር ሁሉ ግሪስ ይወዳል ብሎም እሑድ እሑድ ጀርባዋን ግሪስ ይቀባታል። ግሪሱ አቧራ ይይዛል፤ በአቧራው ላይ ሌላ ግሪስ ይጨመራል። ጀርባዋ እንደ ተወለወለ ጫማ ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። ሰይፉም ደስ ይለው ነበር።

መጀመሪያ ላይ እንደ ልቧ ትዞር ነበር። አጠገቡ ፓፓያና ማንጎ የምትሸጠው ናፊሳ፣ ኤሊህ ከመደርደሪያዬ ሥር እየገባች ፓፓያ ትቦጭቅብኛለች ብላ ስንቴ ስሞታ አቅርባለች። አንድ ቀን ግን ወደ ኋላ ይመለስ የነበረ ተሳቢ ሊደፈጥጣት ለጥቂት ሳታት። ሰይፉ በዚያው ዕለት አንስቶ ኮንቴይነሩ ውስጥ፣ ጎማዎቹ ጀርባ አስገባት። እዚያ መኪና የለም፣ ጅብ የለም፣ ፀሐይም የለም። በእሱ ቤት ያስቀመጣት ከሁሉ የተሻለው ቦታ ላይ ነው።

ዓመት አልፎ ጥቂት እንደቆየች ምግብ ተወች። በሻይ የራሰው ዳቦ ዝንብ ወረሰው። ሰይፉ ዳቦውን ለወጠ፣ ሻዩን በስኳር አደረገው፤ አንገቷን እንኳ አላወጣችም። ጀርባዋን ሲዳብስ ደግሞ ጠርዙ ለአውራ ጣቱ እሺ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ንፋሱ እንደ ወጣ ጎማ ነበር። ሰይፉ እጁን ሰበሰበ። መሄጃቸው ደረሰ አለ በልቡ። ዶማ ተውሶ ከኮንቴይነሩ ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጉድጓድ ቆፈረላት፤ ሞታ ውሻ እንዳይጎትታት።

እንቅልፉ የሄደው ያኔ ነው። ኮንቴይነሩ በር ላይ ባነጠፋት ፍራሽ ጋደም ይላል፣ ጥቂት ያሸልባል፣ ጥፍሯ ቆርቆሮውን ሲቧጥጥ እሰማለሁ ብሎ ይነቃል። ቀን ቀን ዓይኑ ቀልቶ አንድ ሰው የፊት ጎማ ሲያመጣለት የኋላውን ይፈታ ጀመር።

እንዲህ እንዳለ ሳምራዊት የሞተር ጎማዋ ተንፍሶባት መጣች። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ ከአርባ ምንጭ ተመድባ የመጣች ልጅ። ሞተሯን አቁማ ጥላ ስትፈልግ ጉድጓዱን አየች።

«ጋሼ ሰይፉ፣ ይሄ የምን ጉድጓድ ነው?»

«የመቃብር» አለ ሰይፉ ጎማውን እየፈታ።

«የማን?»

«የሽማግሌው። ሳምንቱን የሚያልፉ አይመስለኝም።»

ሳምራዊት ፊቷ ተለወጠ። ናፊሳ ከመደርደሪያዋ ጀርባ ሳቀች።

«አትደንግጪ ልጄ፣ ኤሊ ናት። ወላሂ እኔ ብሞት እንዲህ አድርጎ አይቆፍርልኝም።»

«አንቺ ሰባት ሰው ይቆፍርልሻል» አለ ሰይፉ። «እሳቸው ከእኔ በቀር ማን አላቸው?»

ሳምራዊት ልያት አለች። ሰይፉ ጨለማው ውስጥ ገብቶ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣት። ብርሃኑ ሲያገኛት አንገቷን ይበልጥ ቀበረች።

«ዕድሜዋ ስንት ይሆናል?»

«ከመቶ አያንስም።»

«ማን ነገረዎት?»

«ጀርባቸው። ዳብሺው፣ ጥርስ የለውም። ሙልጭ ብሏል።»

ሳምራዊት ዳበሰችና ጣቷን አየችው። ጠቁሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ግሪስ ነዋ። እንዳይሰነጠቅ።»

ሳምራዊት ልትስቅ ነበር፤ የሰውየውን ዓይን አይታ ተወችው። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ የከብትና የፍየል ነኝ። ስለ ኤሊ የተማርኩት ትንሽ ነው። አስተማሪዬን ልጠይቅ» ብላ ስልኳን ይዛ ወደ ኒሙ ሄደች። ስትመለስ የፈለገችው ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነበር።

ግሪሱ በቀላሉ አልለቀቀም። ሳምራዊት ትፈትጋለች፣ ሰይፉ ውሃ ያፈሳል፣ ናፊሳ ሚዛኗን ትታ መጥታ ትመለከታለች። ጥቁሩ ውሃ ሲወርድ ከሥሩ ቢጫና ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ አለ። ቀጥሎ መስመሮች ወጡ፤ በጀርባዋ ላይ ባለው በያንዳንዱ ሰሌዳ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀመጠ ጠርዝ ያለው ቀለበት። ሰይፉ ተንበርክኮ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። እንደ አዲስ ጎማ ይሻክራል።

«ጥርስ አለው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሳምራዊት ቀለበቶቹን በብሩሹ ጫፍ እየነካች አስረዳችው። ኤሊ ዝናብ ዘንቦ ሣር ሲበዛ ታድጋለች፣ ሲደርቅ ትቆማለች፤ ባደገች ቁጥር አንድ ቀለበት ይጨመራል። ቆጠረችና ሃያ ያህል አገኘች።

«ስለዚህ ሃያ ዓመቷ ነው?» አለች ናፊሳ።

«እንደሱ ቀላል አይደለም። እዚህ በልግም ክረምትም ይዘንባል፤ በዓመት ሁለት ቀለበት ልታወጣ ትችላለች። ድርቅ ሲሆን ደግሞ አንዱም ላይወጣ ይችላል። በጣም ያረጀች ብትሆን ግን ቀለበቶቹ አልቀው እውነትም ሙልጭ ይሉ ነበር። እነዚህ ገና ጉልህ ናቸው። ለመሆኑ ከመጣች ወዲህ አድጋለች?»

ሰይፉ ግን በየቀኑ የሚያየው ነገር ማደጉ አይታየውም።

«ምን ትጠይቂዋለሽ፣ እኔን ጠይቂኝ እንጂ» አለች ናፊሳ። «መጀመሪያ በመደርደሪያዬ ሥር ሹልክ ብላ ትገባ ነበር። ኋላ ጀርባዋ እየነካ አላስገባ አላት። ተቀርቅራ እኔ ነኝ ጎትቼ ያወጣኋት። ፓፓያዬን በልታ ነው ያደገችው።»

ሳምራዊት ሳቀች። ገልብጣ ሆዷንና ጅራቷን አየች፣ ቶሎ መለሰቻት። «ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከዚህ በላይ በእርግጠኝነት የሚናገር ካለ ስትፈለፈል ያየ ብቻ ነው። ደግሞ ሴት ናት።»

«ኮረዳዋን ሽማግሌ እያልክ» አለች ናፊሳ። «ባል የሚያሳጣ ስም አወጣህላት።»

ሰይፉ አልሳቀም። «ታዲያ ካላረጀች ለምንድን ነው የምትሞተው?»

ሳምራዊት ኮንቴይነሩን፣ ጨለማውን፣ ሻይ የጠጣውን ዳቦ አየች። «ፀሐይ አጥታ ነው፣ ጋሼ። አጥንቷ የሚጠነክረው በፀሐይ ነው።»

«ፀሐይማ ታሰነጥቀዋለች ብዬ እኮ ነው።»

«ጀርባዋ ጎማ አይደለም። አጥንት ነው።»

ሰይፉ የፈታውን ጎማ ይዞ ቆመ። ሳምራዊት ፈጠን ብላ የሚደረገውን ነገረችው፦ ጠዋት ፀሐይ፣ ቀትር ላይ ጥላ፣ ዳቦና ሻይ ቀርቶ ሣርና ጎመን፣ እሾሁ የተላጠ የበለስ ቁልቋል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፤ በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከአገጯ በታች መዘፍዘፍ። ግሪስ በጭራሽ።

«ትድናለች?»

«አላውቅም። በራሷ ጊዜ ከበላች ትድናለች ብዬ አስባለሁ። በግድ አያጉርሷት። አዎ፣ ለቀትር ሙቀት የምትገባበት ጉድጓድ ነገርም ያስፈልጋታል።»

ሦስቱም ወደ ኒሙ ዞሩ።

«ተቆፍሯል» አለ ሰይፉ።

በማግስቱ ጎማዎቹን ከጨለማው አውጥቶ በኒሙ ዙሪያ እንደ አጥር ደረደራቸው። ናፊሳ ፀሐይ ላይ የዋሉትን ጎማዎች አይታ አላመነችም።

«ሰይፉ፣ ጎማህ ተሰነጠቀ።»

«ይሰንጠቅ።»

የጉድጓዱን አንድ ጎን ሸርተት አድርጎ መግቢያ አወጣለት፣ ከላዩ ቆርቆሮ ጣለበት፣ በቆርቆሮው ላይ አፈር መለሰ። ኤሊዋን የሚዘፈዝፋት የጎማ ቀዳዳ በሚፈልግበት ሳፋ ነበር። መጀመሪያ ቀን ውሃው ውስጥ አስቀምጧት ጎንበስ ብሎ አፍጥጦ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው ናፊሳ።

«አረፋ» አለ፤ የተናገረው ሲገባው ራሱም ሳቀ።

መብላቱ ግን እንቢ አለ። ጎመኑ ጠወለገ። ቁልቋሉን በቀጭኑ ከትፎ አቀረበ፣ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። ትሞታለች ብሎ ባመነ ጊዜ ሌሊት ጥቂት ያሸልብ ነበር፤ ልትድን ትችላለች ከተባለ በኋላ ያቺም ቀረች። ፍራሹን ወደ ጎማው አጥር አስጠጋ። ሰማዩን እያየ ጋደም ይላል፣ ተነስቶ በስልኩ መብራት ጉድጓዱን ያያል፣ ተመልሶ ይጋደማል። ሳምራዊት ከቀበሌ ቀበሌ ስትዞር እግረ መንገዷን ብቅ እያለች «በላች?» ትለዋለች። «ገና ነች» ይላታል። ጀርባዋን መዳበስ እንኳ ፈርቶ ተወ።

በመሃል የበልጉ ዝናብ ሁለት ጊዜ ጣለ፤ አቧራው ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ከናፊሳ መደርደሪያ አልፋ የጎማውን አጥር ስትነካ ኤሊዋ ከጉድጓዱ ወጣች። ሰይፉ ጎመኑን አጥቦ በሳህን አስቀምጦላት ነበር። በጎኑ አለፈች። ቁልቋሉንም አለፈች። ዞራ የጉድጓዱን ክዳን ወጣችና በቆርቆሮው ላይ የመለሰው አፈር ላይ ቆመች። አፈሩ በዝናቡ ሣር አብቅሏል፤ ሰይፉ ማንም ያልተከለው ነገር ነውና አላስተዋለውም ነበር። አንገቷን አወጣች፣ ሣሩን ወደ ጎን ነክሳ በጠሰች። አላመጠች። ደገመች።

ሰይፉ የምትበጥሰው ሣር ድምፅ እንዲሰማው ኮምፕሬሰሩን ሄዶ አጠፋና ተመልሶ ጎማው ላይ ተቀመጠ።

«አይዞሽ፣ ብይ» አላት። «ገና ልጅ ነሽ።»

ናፊሳ ፓፓያዋን ደርድራ ስትጨርስ መጥታ አየች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ዘወር ብላም ዓይኗን ጠረገች። ልትቀልድበት ወደ ሰይፉ ስትመለስ ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ ወድቋል። ነጠላዋን አጥፋ ከራሱ ሥር አድርጋ ከጀርባው ካለው ጎማ ጋር አስደገፈችው።

ብዙም ሳይቆይ የቢላል መኪና ዳር ይዞ ቆመና ጥሩምባውን ነፋ። ናፊሳ እጇን አውለበለበችበት።

«ዝም በል፣ ተኝቷል።»

«በዚህ ሰዓት?» ቢላል ከጋቢናው አንገቱን አስግጎ አየ። «ሽማግሌውስ እንዴት ነው?»

«ሽማግሌው እንደምታየው እያንኮራፋ ነው» አለች። «ልጅቷ ቁርሷን እየበላች ነው።»

ቢላል ሞተሩን አጠፋ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር።