ማን ሊወርስሽ

ባሕር ዳር፣ ከምኖርበት ቤት አጥር ወዲያ አንድ ዘበኛ አለ። በየቀኑ አመሻሽ ላይ የድስቱን ቂጥ በማንኪያ እየፋቀ «ቦቢ! ቦቢ!» ብሎ ይጣራል። ፍቅፍቅታው ሰውነቴን ይነዝረኛል፤ ተነስቼ መስኮቱን እዘጋለሁ። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ውሻውም ምንም አላደረገኝ። ቦቢ የሚለው ስም ማንንም አይሰድብም፤ እንዲያው ባዶ ስም ነው። እኔ ግን ውሻ ለምግብ ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር ከአጥር ማዶ መልስ የሚመጣ ይመስለኛል። የልጅነትሽን ውሻ አጫውችኝ ስላልሽኝ ነው የምነግርሽ እንጂ ደስ ብሎኝ የማወራው ነገር አይደለም።

በቢቸና ለውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ተብሎ አልነበረም፤ ለጎረቤት ነው። ሰው ፊት ለፊት የማይናገረውን፣ ቢናገረው ዳኛ ፊት የሚያስቆመውን ነገር ውሻው ላይ ይለጥፍና ጠዋት ማታ ይጣራዋል። የሚሰማ ይሰማል። ምነው ሲሉት «ውሻዬን ነው የጠራሁት» ብሎ ይምላል። «ምን አገባህ»፣ «አይሞላለት»፣ «ቅናት ይግደልህ» የሚባሉ ውሾች አውቅ ነበር። ውሾቹ ሁሉ ደግ ነበሩ፤ ነገረኞቹ ጌቶቻቸው ናቸው።

አባቴ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር፤ በዚህ ወሬ ላይ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። የሰው ክስ እየጻፈ የሚኖር ሰው የራሱን ክስ እዚያው በሚሠራበት ችሎት ተረታ። የረታችው ደግሞ ታላቅ እህቱ ናት፤ እኔ እታታ የምላት። እናታቸው በአራስነቱ ስለሞተችበት አዝላ ያሳደገችው እሷ ነበረች። አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። አያቴን እስኪሞቱ ያስታመመቻቸው እሷ ስለሆነች መሬቱን ለእሷ ተናዘዙላት። አባቴ አልቀበልም ብሎ ከሰሳት፤ ተረታ። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም ይላሉ። ቀልድ ባይኖርም ሐፍረት የሚባል ነገር ነበረ፤ አባቴ እሱንም ተወው።

ቤታችንና ቤቷ አንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ፍርዱ በተሰማ ሰሞን መሀል ለመሀል የአጋም አጥር አጠረበት። ከዚያ ከጉንደ ወይን ገበያ ሲመለስ አንዲት ቡችላ በጋቢው ሸፍኖ አመጣ። ቡናማ ናት፤ አንድ ጆሮዋ ወድቋል፤ ወተት ወተት ትሸታለች። ዘልዬ ተቀበልኳት። የራሴ የምለው ነገር ያገኘሁት ያን ቀን ነው፤ ሙቀቷ በቀሚሴ አልፎ ደረቴ ድረስ ተሰማኝ።

እናቴ «ማን እንበላት?» አለች።

አባቴ ወደ አጥሩ ዞረ። ባለጉዳይ እንደሚጠራ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማን ሊወርስሽ!» አለ።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ኧረ እግዜርን ፍራ! አዝላ ያሳደገችህን ሰው?»

«ውሻ ነው የሰየምኩት» አላት።

መቀለቡ የእኔ ሥራ ሆነ። ጠዋት ድርቆሽ በአሬራ አርሼ፣ ማታ የተረፈውን ከወጥ ልቅላቂ ጋር አሽቼ እሰጣታለሁ። በጾም አሬራው ይቀራል። እናቴ «ክርስቲያን ቤት የሚያድር ውሻም ይጾማል» ስለምትል፣ ማን ሊወርስሽ ሁዳዴን በሽሮ ትገፋዋለች፤ ሳህኑን ታሸትና ምን በድዬሽ ነው እንደሚል ሰው ቀና ብላ ታየኛለች። ለጥምቀት ዋዜማ ወንዝ ወስጄ በእንዶድ አጥባታለሁ፤ አረፋው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ስትራገፍ እኔም አብሬ እታጠባለሁ። ፋሲካ ሲሆን ደግሞ የበጉን አጥንት እናቴ ሳታይ መርጬ እሸሽግላታለሁ። ቀትር ላይ ግድግዳው ሥር ሆና አጥንቱን ስታደቀው፣ የስቡ ሽታ፣ ከዚያ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ስታንኮራፋ። ከዚያ ቤት የምወደው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ግን ዝም ብዬ ሳህኗን ማስቀመጥ አልተፈቀደልኝም። መጠራት አለባት።

«ጮክ በይ፤ ትስማ» ይለኛል አባቴ።

«ውሻዋ?»

«ውሻዋም።»

እጮሃለሁ፤ «ማን ሊወርስሽ! ማን ሊወርስሽ! ነይ!» ውሻዋ ጭራዋን እየቆላች ትመጣለች። ከአጋሙ ወዲያ የእታታ ሙቀጫ ለአፍታ ጸጥ ይላል፤ ቆይቶ እንደገና ይጀምራል። አባቴ ያቺን ጸጥታ በጆሮው ሲያጣጥማት ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ሰፈሩ የእታታን ውሻ መጠበቅ ጀመረ። እንዲህ ያለ ስድብ የሚመለሰው በውሻ ነውና። ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ፣ ምን የሚል ስም ታወጣለት ይሆን ሲባባሉ እሰማለሁ። እታታ ግን ውሻ አላመጣችም። አባቴ የሠራውን ስህተት ከሁሉ ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ሌላው ሰው ለውሻው ስድብ ወይም እርግማን ያወጣል፤ እሱ ጥያቄ አወጣ። ጥያቄ ደግሞ ይመለሳል።

አንድ ቀን ጠዋት ሳህኗን ይዤ፣ «ማን ሊወርስሽ!» ብዬ ስጣራ፣ ከአጋሙ ወዲያ ረጋ ያለ ድምፅ፣

«ውሻ!» አለ።

አልገባኝም። እንደገና ተጣራሁ።

«ማን ሊወርስሽ!»

«ውሻ ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?»

መንገድ ላይ ጭድ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ሸክሙን ጥሎ በሳቅ ፈረሰ። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር እንዲህ ያለ ነገር መች ተቀብሮ ይቀራል? ቀኑ ሳይመሽ ቢቸና ሁሉ ሰማው። በማግሥቱ አባቴን ያገኘው ሁሉ «እንደምን አደርክ፣ ወራሹ?» ይለው ጀመር። ችሎት የመጣ ባለጉዳይ ሳይቀር ወረቀቱን በእጁ አፉ ላይ ይዞ ይስቅበት ነበር። የውሻዋን ስም እንዳይለውጥ፣ ሁለተኛ መረታት ሊሆን ነው። ስለዚህ እልኩን በእኔ ጉሮሮ ተወጣው። «ከትናንቱ በላይ ጩሂ!» ይለኛል። እጮሃለሁ፤ ከማዶ ይመለሳል። እታታም መልሷን ትቀያይራለች፤ አንድ ቀን «ጅብ!» ሌላ ቀን «የናቱን ጡት ያልጠባ!» ስትል ትውላለች። በምግብ ሰዓት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጥራችን ላይ ይንጠለጠላል። የሁለት ትልልቅ ሰዎች ጠብ በእኔና በአንዲት ውሻ መካከል እየተመላለሰ ክረምት ገባ።

አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲሸት፣ ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ተሰብስበው ሳለ ጠራሁ። መልሱ ዘገየ። ቆይቶ፣ «አፈር» አለች። ጮክ ብላ አይደለም። የሳቀ ልጅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አባቴ ቤት በማይኖርበት ጊዜ ሁሉ ስሟን አሳጥሬ «ማንዬ» እላት ጀመር።

ውሻዋ ደግሞ የዋህ ናት። ሁለት ሰው በየቀኑ በስሟ ሲጯጯህ ሁለቱም የሚፈልጓት መሰላት። በአጋሙ ሥር ጉድጓድ ማሰችና ወደ እታታ ትመላለስ ጀመር። በእሾሁ መካከል አጮልቄ አያለሁ። እታታ ምድጃዋ ዳር ተቀምጣ፣ ከራሷ አንጎቻ እየቆረሰች፣ «ብይ፤ አንች ምን አጠፋሽ» ስትላት ሰማሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ለእሱ ምን ነግሬው አውቃለሁ?

ውሻ በበላበት ይጮኻል። አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ በእታታ ደጃፍ ያልፋል። ማን ሊወርስሽ ከእታታ በር ተነስታ ሌባ እንዳየች ጮኸችበት፤ ሱሪውንም ልትይዘው ደረሰች። የሚያየው ሰው ብዙ ነበር። ቤት ገብቶ የገረፈው ግን እኔን ነው። «ውሻዬን ለጠላት አሳልፈሽ ሰጠሽ!» እያለ። ጠላት የሚላት አዝላ ያሳደገችውን ሴት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሞጣ ተዛወረ። እናቴ «ውሻዋን እንኳ ተውላት፤ ብቻዋን ናት» ብላ ለመነችው።

«ለእሷ ከምትቀር ገደል ትግባ!» አለ።

እኔ ከውሻዬ አለመለየቴን ብቻ ነበር የፈለግሁት። ዕቃችን የተጫነበት ኤንትሬ መኪና ላይ በገመድ ታስራ ከጎኔ ተቀመጠች። እታታ በሯ ላይ ቆማለች። ወንድሟ አላያትም። መኪናው ሲነሳ ውሻዋ ወደ እሷ ዞራ አላዘነች፤ አቧራው እስኪሸፍናት ድረስ እኔም እታታን አየኋት። እጇን አላነሳችም።

በሞጣ የተከራየነው ቤት የአንዲት መበለት ነበር። እሳቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። በማግሥቱ ጠዋት ሳህኔን ይዤ ወጣሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ስለነበር «ማንዬ» ማለት አልቻልኩም፤ እንደ ልማዴ በሙሉ ድምፄ «ማን ሊወርስሽ!» አልኩ።

ሴትየዋ ከጓዳቸው ወጡ፤ እጃቸው በሊጥ ተለውሷል። የወለዷቸውን ልጆች ሁሉ ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ መሆናቸውን ማን ነግሮን?

«ጌታው፣ ገና ትናንት መግባትዎ፤ ምን በደልኩዎ?» አሉት።

አባቴ ሲደነግጥ ያየሁት ያኔ ነው። «ኧረ እመይቴ፣ በመድኃኔ ዓለም! ለእርስዎ አይደለም!»

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለ... ለእህቴ ነው።»

«የእናትዎ ልጅ?»

«አዎ።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እንዲህ ከሆነማ ለእኔ ቢሆን ይሻልህ ነበር» ብለውት ገቡ። አንቱታው እዚያው ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጮክ በይ ብሎኝ አያውቅም። ስሟንም ሊለውጥ ሞከረ፤ «ዳማ» አላት፣ «ቡሬ» አላት። ዘወር ብላም አላየችው። ሴትየዋ በበዓል በበዓሉ፣ ጠላ እየቀዱለት «ሂድና እህትህን ታረቅ» ይሉታል። «ፋሲካ ይድረስ፤ በግ ይዤ እሄዳለሁ» ይላል። ገና ሲያልፍም ጥምቀት ሲያልፍም ያው ነው፤ ፋሲካ ይድረስ። ለመክሰስ ግን በዓል ጠብቆ አያውቅም ነበር።

የእታታ መርዶ የመጣው በሁዳዴ፣ ደብረ ዘይት ሰሞን ነው። ቢቸና ስንደርስ ተቀብራለች። ውሻዋን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ የፈቀደልኝም የከለከለኝም ሰው አልነበረም። ከመኪና እንዳወረድኳት በአጋሙ ሥር ሾልካ ሄደች።

በሠልስቱ ሽማግሌዎቹ ንፍሮ እየቆረጠሙ ተቀምጠው፣ አንደኛው አባቴን «እንግዲህ ልጅ የላት። ወራሿ አንተው ነህ» አለው። ያ ሁሉ የተከሰሰበት፣ የተሰደበበት መሬት እንዲህ በአንድ እፍኝ ንፍሮ መካከል ተሰጠው። ሊያሳፍሩት ብለው አይመስለኝም። ነገር ግን ከመሀላቸው አንዱ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሲውጥ አይቻለሁ፤ ዛሬም አዝንበታለሁ።

አባቴ ተነስቶ ወጣ። ተከተልኩት። ውሻዋ በእታታ በር መድረክ ላይ፣ አፍንጫዋን በበሩ ሥር አስገብታ ተኝታለች። ከመጣን ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ጎኗ ገብቷል።

«ጥሪያት፤ ትብላ» አለኝ።

«እርስዎ ይጥሯት» አልኩት።

እንዲህ መልሼለት አላውቅም። ጥፊውን ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ ውሻዋ ዞረ፤ «ማን...» አለ። ቀሪውን አፉ አልታዘዝለት አለ። ለቀስተኛው ሁሉ ያየዋል፤ የስሙን ቀሪ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

ገብቶ ከለቅሶው መሶብ እንጀራ ይዞ ተመለሰ። ጋቢው አፈር ላይ እየተጎተተ መሬት ቁጭ አለ። ያችን ውሻ አንድ ቀን በእጁ አብልቷት አያውቅም። ሽሮ እያጠቀሰ አስጠጋላት። ፊቷን አዞረች። ጠብቆ እንደገና አስጠጋላት። «እባክሽ» ሲላት ሰማሁት፤ አባቴ ያንን ቃል ለሰው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ውሻ ናትና በመጨረሻ በላች፤ ጣቶቹንም ላሰችለት። ትከሻው እየተነቃነቀ አለቀሰ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ለእኔም ጠቅልሎ ዘረጋልኝ። አፌን አልከፈትኩም። እጁ እንደተዘረጋ ብዙ ቆየ። ኋላ ጉርሻውን ለውሻዋ ሰጣት።