በችሎት መሀል ሽምግልና

ችሎት መድፈር ማለት ዳኛ መስደብ ይመስለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው አልሰድብም፤ ምላሴ የተፈታው ለምርቃት ነው። በአስተማሪነት ተመድቤ አሰላ ከመጣሁ ወዲህ በሰፈራችን ላስታርቅ ያልገባሁበት ጠብ የለም። ሳልጠራም እሄዳለሁ።

ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የባሏ ወንድም አጥሩን እየገፋ ጓሮዋን፣ ድንችና ጎመን አውጥታ ልጆቿን የምታበላበትን መሬት፣ ግማሹን ወሰደባት። የወሰኑን ችካል ሲነቅል ያየሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ምስክሯ አደረገችኝ።

በቀጠሮው ቀን ኮቴን ለብሼ ቀረብኩ። ኦሮምኛዬ ከገበያ ስለማያልፍ አስተርጓሚ ተሰጠኝ። ማልኩ። ሁለቱን ባላጋራዎች ተፋጠው ሳያቸው ግን አመሌ ተነሳብኝ። ችካሉን ትቼ ወደ እነሱ ዞርኩና "እንግዲህ ልጆቼ፣ የአንድ ቤት ሰዎች ናችሁ" ብዬ ጀመርኩ።

ዳኛዋ "ወደ ጥያቄው ይመለሱ" ብለው አስጠነቀቁኝ።

"ክብርት ዳኛ፣ አንዴ ይታገሱን፤ እየጨረስን ነው" አልኳቸው። ይባስ ብዬ ወደ ታዳሚው እጄን ዘርግቼ "እስቲ ተነሱና አብራችሁኝ ለምኗቸው" አልኩ። አስተርጓሚው ጨዋ ሰው ነው፤ አንድም ሳያስቀር ተረጎመው። ሽማግሌ ተነሱ ሲል መቀመጥ ነውር ነውና የታዳሚው ግማሽ ብድግ አለ። "አሜን" ያለም ነበር።

ዳኛዋ ሰዉ እስኪቀመጥ ጠበቁ። ትእዛዝ አለመስማትና የችሎት ሥራ ማወክም ችሎት መድፈር እንደሆነ የተማርኩት ያኔ ነው። አዲስ ክስ የለ፣ ሌላ ቀጠሮ የለ፤ ያዩትም የሚቀጡትም እሳቸው፣ እዚያው። እስከ ከሰዓቱ ችሎት ታስሬ እንድቆይ አዘዙ። ነገሩ ከጠና ለወራትም እንደሚያሳስር ፖሊሱ እየወሰደኝ አጫወተኝ።

ጎረቤቴ ዳቦና ሻይ ይዛልኝ መጣች። ያዘነችልኝ መስሎኝ "አይዞሽ፣ ሳላስታርቃችሁ አልቀርም" አልኳት።

"ጋሼ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "እርስዎ ባስታረቁን ቁጥር አጥሩ አንድ ክንድ ወደ እኔ ይገባል። ዛሬ የለመንኩዎት ያዩትን እንዲናገሩልኝ ብቻ ነው።"

አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁና እንደገና ቆምኩ። ችካሉን ሲነቅል ማየቴን ተናገርኩ።

"የሚጨምሩት አለ?" አሉኝ ዳኛዋ።

ብዙ ነበረኝ። "የለም" አልኩ።